ከበሮው ዝም የሚልበት ዘፈን

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። ሁዳዴና ረመዳን የተገጣጠሙበት ዓመት እንደነበር አውቃለሁ። እሱም ብዙ አይረዳኝም፤ ሁለቱ ጾሞች በዚያ ሰሞን በተከታታይ ዓመታት ሲገናኙ ነው የከረሙት። ልጄን ሰናይትን ብጠይቃት ስልኳን ከፍታ ቀኑን ታወጣልኛለች። አልጠየቅኳትም። እርጥብ ከባድ በረዶ ወርዶ በማግስቱ ፀሐይ የሚያቀልጠው ጊዜ ነበር። ዴንቨር ያላችሁ ወሩን ከዚህ ታውቁታላችሁ። የሌላችሁ ደግሞ መጋቢት በሉት።

ያኔ ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ የመኪና ማቆሚያ መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል ብዙ ዓመት ነድቻለሁ፤ ከዚያ በፊት ደግሞ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ፣ በርሜልና ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነበርኩ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ይህንንም የምጽፈው እንደማወራው ነው። ሰናይት ፊደሉን ታርምልኛለች፣ ነገሩን ግን እንዳትነካብኝ ነግሬያታለሁ።

ችግሩ የጀመረው በቀኝ እጄ ነው። ዕድሜውን መዶሻ ይዞ የኖረ እጅ ብርጭቆ መያዝ አቃተው። ውሃ ልጠጣ ስል ከእጄ ላይ ይንሸራተትና ወለሉ ላይ ነው የማገኘው። ጠዋት ጠዋት የሸሚዜን ቁልፍ ሰናይት ትቆልፍልኝ ጀመር። እሷም ሥራዋ የአዛውንቶች መጦሪያ ነው፤ እዚያ ስትቆልፍ ውላ ቤት ደግሞ የእኔ ይጠብቃታል። ስትቆልፍልኝ እኔ ጣሪያ ጣሪያውን ነበር የማየው።

ሐኪሙ አንገቴን ነካክቶ፣ ጉልበቴን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አድርጎ፣ "የአንገትህ አጥንት ነርቩን ሳይጫነው አይቀርም" አለኝ በሰናይት አስተርጓሚነት። "ቶሎ ከተነሳለት እጅህ ሊመለስ ይችላል። ከቆየ ግን ወደ እግርህም ይወርዳል። ቢሆንም ፎቶውን ሳላይ ቢላ አላነሳም።"

ፎቶው ኤምአርአይ የሚሉት ነው። በመድኃኒት አስተኝታችሁ አንሱኝ ብላቸው፣ ለልብህ ያሰጋል አሉ። ሰፋ ያለ ማሽን አለ ሲባል ሰምተን ጠየቅን፤ ሐኪሙ ለሚፈልገው ሥራ ጥርት አድርጎ አያሳይም አሉ። እንግዲህ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። እዚያች ቱቦ ውስጥ ገብቶ ሳይንቀሳቀሱ መተኛት።

ይሄ ምን አለው ትሉኝ ይሆናል። ለእኔ ነበረው።

ልጅ እግር ሳለሁ አንድ የውሃ ቦቴ ለጥገና መጣልን። ተጋጭቶ ሆዱ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል። አንድ ሰው ገብቶ ከውስጥ መቀጥቀጥ ነበረበት፤ ከሁሉም ቀጭኑ እኔ ነበርኩና ገባሁ። ጓደኞቼ ለቀልድ ክዳኑን ከላይ ዘጉት። ለቀልድ ነው፣ ቂም የለኝም። ዘግተው ሻይ ሊጠጡ ሄዱና እዚያው ጨዋታ ያዛቸው። ጮህኩ። በመዶሻዬ ብረቱን ደበደብኩ። ምናለሽ ተራን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሰፈሩ በሙሉ ከጠዋት እስከ ማታ ብረት ይደበድባል። የእኔን ድብደባ ከሌላው ማን ይለየዋል? የሰማኝም ካለ፣ "ዛሬ ይሄ ልጅ በርትቷል" ብሎ አልፎ ይሆናል። አየሩ እያጠረኝ፣ ክንዴም እየዛለ ሄደ።

ያወጣኝ አሠሪዬ ጋሽ ረዲ ነው። ክዳኑን ከፍቶ በኮሌታዬ ጎትቶ ሲያወጣኝ፣ "ምቱ የሥራ ምት አልመስል አለኝ" አለ። ከዚያ ወዲህ ሊፍት ውስጥ እንኳ ስገባ በሩን ተጠግቼ ነው የምቆመው።

መጀመሪያ የሄድን ቀን የተቀበለኝ ባለሙያ ወጣት አሜሪካዊ ነው። ደግ ልጅ ነበር። ሰናይት ውጭ ቀረች። ልጁ አልጋው ላይ አጋደመኝ፣ ለስለስ ያለች የጎማ ኳስ በግራ እጄ አስያዘኝና "ከፈራህ ጭመቃት፣ እመጣለሁ" አለኝ። ቀጥሎ ሙዚቃ እንደምፈልግ ጠየቀኝ።

"ኖ፣ ታንክ ዩ" አልኩት።

መቼም እናንተ ይገባችኋል። እኛ ጋ እንግዳ ሲጠየቅ መጀመሪያ ይቅርብኝ ነው የሚለው። አልፈልግም ማለቱ አይደለም፣ አመሉ ነው። ሁለተኛ ይጠየቃል፣ ሦስተኛ ላይ በሞቴ ተብሎ ይቀርብለታል። ልጁ ግን "ኦኬ" ብሎ ጆሮዬን በድፍን መከለያ ሸፈነው። ያን ያህል ዓመት አሜሪካ ኖሬ ይቺን ነገር አልለመድኳትም። እዚህ አገር ኖ ያለ ሰው ኖ ብሏል።

ፊቴ ላይ ወንፊት የመሰለ ነገር ገጥሞልኝ ሄደ፣ አልጋው ወደ ውስጥ ተንሸራተተ። ጣሪያው አፍንጫዬ ላይ ደረሰ። መጀመሪያ ጸጥ አለ። ቀጥሎ ማሽኑ ጀመረ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ብረት ሲደበደብ፣ እኔ ከውስጥ ሆኜ። ቦቴው ውስጥ ተመለስኩ። ኳሷን መቼ እንደጨመቅኳት አላውቅም። ሲያወጡኝ ሸሚዜ ርሶ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል።

መኪና ውስጥ ሰናይት፣ "አባዬ፣ ሙዚቃ አልሰጡህም እንዴ? ለሰው ሁሉ እኮ ይሰጣሉ" አለችኝ።

"ጠይቆኝ ነበር።"

"እና?"

"ኖ አልኩት።"

"ለምን?"

"አንድ ጊዜ ብቻ ነዋ የጠየቀኝ።"

መሪውን ይዛ ሳቀች። ሳቋ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ። ሃቫና ጎዳና ላይ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ፣ ከኋላችን ያለው ሰውዬ ጥሩንባውን እስኪነፋብን ድረስ እዚያው ቆመን ቀረን።

በማግስቱ ከሐኪሙ ቢሮ ተደወለ። ፎቶው በሳምንቱ ውስጥ ካልደረሰ የቀዶ ጥገናው ተራ ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ ቀጣዩ ተራ ደግሞ ሩቅ ነው አሉ። በዚያው ሰሞን ጫማ ሳደርግ ቀኝ እግሬ እንደ መደንዘዝ ይል ጀመር። ይህን ለሰናይት አልነገርኳትም። ሌላ ቀጠሮ አስያዘችልኝ።

በሁለተኛው ቀጠሮ ቀን መጠበቂያው ላይ ተቀምጠን ሳለ በሩ ተከፈተና አንዲት ጥቁር ሻሽ የጠመጠመች፣ ሰማያዊ የሥራ ልብስ የለበሰች ሴት ወጣች። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። አንገቷ ላይ የተንጠለጠለው መታወቂያ በጀርባው ዞሯል። በቀጥታ ወደ እኔ መጥታ ጎንበስ አለች።

"አባባ፣ እንደምን አደሩ? ባለፈው ከኛ ያመለጡት እርስዎ ነዎት?"

"ማምለጥስ አላመለጥኩም ልጄ፣ አውጥተውኝ ነው።"

"ዛሬ ያለ እኔ ፈቃድ አይወጡም" አለችኝና ለሰናይት ደግሞ "አይዞሽ እህቴ፣ እኔ ጋ ናቸው" አለቻት።

ወደ ውስጥ ስንገባ ክንዴን ይዛኝ ነበር። ስለ ቦቴው ነገርኳት። ለምን እንደነገርኳት እንጃ፣ ለሐኪሙም አልነገርኩት። ቆማ እስክጨርስ ሰማችኝ። ስጨርስ አይዞዎት አላለችኝም፣ ምንም አይደል አላለችኝም። "ዘፈን ልክፈትልዎ?" ነው ያለችኝ።

"አይ ልጄ፣ አትቸገሪ።"

"አባባ፣ እኔም መርካቶ ነው ያደግኩት። አትቸገሪ ማለት ክፈቺ ማለት ነው። ምን ልክፈት?"

"አንቺ ደስ ያለሽን።"

በልቤ የፈለግኩት በገና ነበር፤ ሁዳዴ ነውና ዘፈን አልሰማም። ግን ሻሿን አየሁና እስላም ልጅ በገና ፈልጊ ብላት ይከብዳታል ብዬ ተውኩት። እሷ ደግሞ፣ ኋላ እንደነገረችኝ፣ የአንገቴን ማተብ አይታ በገና ልትከፍት አስባ፣ ማተብ ስላየች ነው የከፈተችልኝ ይሉኛል ብላ ፈርታ ተወችው። ተከባብረን ተከባብረን መጨረሻ ላይ የእንግሊዝ ሮክ ላይ ወደቅን።

"የኔ ምርጫ ይጮኽብዎታል" አለችኝ።

"ጩኸት አልፈራም። ከምናለሽ ተራ ነው የመጣሁት አልኩሽ አይደል?"

"እሱስ እውነትዎን ነው" አለችና ትንሽ አሰበች። "እንግዲያውስ አንድ አልበም አለኝ። የአራት እንግሊዛውያን ልጆች የመጀመሪያ ሥራ ነው። ሲሠሩት ማንም አያውቃቸውም ነበር። ሮክ ነው፣ ግን የተለመደው ዓይነት አይደለም፤ የራሳቸውን መንገድ ነው የያዙት። አሁን ልብ ብለው ይስሙኝ፣ መንገዱን ልንገርዎት።"

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና ልክ ወደ ሊትልተን እንዴት እንደሚኬድ እንደምትነግረኝ ሁሉ አልበሙን አስረዳችኝ። ሲጀምር አንድ ጊታር ብቻውን ነው። ቀጥሎ ከበሮው በር እንደሚሰብር ሰው ይገባል፣ አይደንግጡ። ከዚያ ሦስት ዘፈን ሩጫ ነው። ቀጥሎ አንድ የሚያላግጥ ዘፈን አለ፣ ቃሉ ባይገባዎትም ልጁ እያሾፈ መሆኑ ይገባዎታል። መሐል ላይ ከበሮው ዝም የሚልበት ዘፈን አለ።

"እዚያ ላይ ነው የምፈራልዎት" አለችኝ። "ድንገት ጸጥ ይላል። ሁሉም ጥሎኝ ሄደ እንዳይሉ። ማንም አልሄደም። ዘፈኑ ነው እንደዚያ የሚጀምረው። ከሱ በኋላ እንደገና ይነሳሉ፣ የመጨረሻው ዘፈን ከትንሽ ተነስቶ እያደገ፣ እያደገ ይሄዳል። አልበሙ ሲያልቅ እርስዎም ያልቃሉ።"

"እኔ?"

"ውይ፣ ሥራው ማለቴ ነው አባባ።"

እዚያ ቤት ከገባሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅኩ።

"አንቺስ አብረሽ ትሰሚያለሽ?"

"በረመዳን አልሰማም። ድምፁ ወደኔ ክፍል አይመጣም። ግን የትኛው ዘፈን ላይ እንደደረሱ ስክሪኑ ላይ አያለሁ፣ የቀረውን በቃሌ አውቀዋለሁ።"

ኳሷን አስያዘችኝ። ጆሮ ማዳመጫውን አጠለቀችልኝ። አልጋው ገባ።

ጊታሩ ብቻውን መጣ። አንድ ሰው በሌላ ክፍል ውስጥ የሚሞካክር ነበር የመሰለኝ። ማሽኑም ቋ ቋ ማለት ጀመረ፣ የቦቴው ብረት ጀርባዬ ላይ ቀዘቀዘኝ፣ ጣቶቼ ኳሷ ላይ ጠበቁ። ያን ጊዜ ከበሮው ገባ።

እንዴት ልንገራችሁ። እኔ ሮክ የሚባለውን ሻትል ውስጥ መንገደኛ ሲከፍተው እሰማ ነበር፤ የሰከረ ሰው ጠብ ይመስለኝ ነበር። ይሄኛውን ግን ማምለጫ በሌለበት፣ ጆሮዬ ላይ ተደፍቶ ሰማሁት። ያ ከበሮ መቺ በርሜል የሚያውቅ ልጅ ነው። ምቱ ዝም ብሎ ኃይል አይደለም። የት ቢመታ ብረቱ እንደሚዘፍን፣ የት ቢመታ እንደሚሰነጠቅ የገባው ሰው ምት ነው። አንዳንዴ ሲቸኩል ከጊታሩ ይቀድማል፣ ጊታሩ ሮጦ ይደርስበታል። ማሽኑ በራሱ መንገድ ይደበድባል፣ ልጁ በራሱ። መጀመሪያ ተጣሉብኝ። ትንሽ ቆይቶ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ተገጣጠሙ። ማሽኑ አንድ ሲመታ ልጁ ሁለት ይመታል። ጠዋት ጠዋት ሰፈራችን ሁሉም ሱቁን ከፍቶ ሥራ ሲሟሟቅ፣ ሳይነጋገሩ በአንድ ምት የሚገቡበት ጊዜ ነበር። ልክ እንደዚያ ሆነ።

ዘፋኙ እጁን ኪሱ ከቶ የሚያወራ ዓይነት ነው። ቆንጆ ድምፅ አይደለም። አንድ ሁለት ቦታ ላይ ድምፁ ሊሰበር ይደርሳል፣ እሱ ግን አይተወውም። ምን እንደሚል አንድም አልገባኝም። ደስ እንዳለው ግን ገባኝ፣ መፍራቱም ገባኝ።

በመሐል ድምፅ ማጉያው ጮኸ፣ ዘፈኑ ዝቅ አለ።

"አባባ።"

"አቤት።"

"እግርዎ እየደነሰ ነው። ፎቶው ይበላሽብናል።"

በእግዚአብሔር ስም እላችኋለሁ፣ አላወቅኩም ነበር። በሁዳዴ፣ በሰባ ምናምን ዓመቴ፣ ቱቦ ውስጥ ተጋድሜ። "ይቅርታ ልጄ" አልኩና የእግሬን ጣቶች አጥፌ ያዝኳቸው። እሷም ሳቋን ስትይዝ ተሰማኝ።

የሚያላግጠውም ዘፈን አለፈ። እውነትም ልጁ ያሾፍ ነበር። ከዚያ ያለችኝ ቦታ ደረሰ።

ከበሮው ዝም አለ። ማሽኑም በዚያችው ቅጽበት አንዱን ፎቶ ጨርሶ ቆመ። ይህን እሷም አልጠበቀችውም። ሁለቱም አንድ ላይ ዝም ሲሉ ክዳኑ ከላይ ሲዘጋ ሰማሁት። እውነት ነው የምላችሁ፣ የብረቱን ድምፅ ሰማሁት። አየር አጠረኝ። ማንም አልሄደም ብላኝ ነበር፣ ግን ቃሏ ራሱ ሩቅ ሆነብኝ። አውራ ጣቴ ኳሷ ላይ ነው። ትንሽ ብጫነው ያበቃል። እጄም ያበቃል።

ያኔ አንድ ነገር ተሰማኝ። ትንፋሽ። ዘፋኙ ሊጀምር ሲል አየር ሲስብ፣ ጆሮዬ ሥር። ሲቀርጹት ሊያጠፉት ይችሉ ነበር መሰለኝ፣ አላጠፉትም። ሰው ትንፋሽ ሲወስድ ከሰማችሁ እናንተም ሳታስቡት ትወስዳላችሁ። ወሰድኩ። እሱ በቀስታ መዝፈን ጀመረ፣ ከበሮ የለ፣ ከጊታሩም አንድ ክር ብቻ። ያ ልጅ የእኔን መኖር አያውቅም፣ ምናልባት ስወለድ አያቱም ልጅ ነበረች። ግን እዚያ ውስጥ ሁለት ነበርን። ቦቴው ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ።

አውራ ጣቴን ከኳሷ ላይ አነሳሁ።

ዘፈኑ ሳያልቅ ተቋረጠ፣ አልጋውም ወደ ውጭ ተንሸራተተ። ያለቀ መስሎኝ ነበር። እሷ መጥታ መርፌ ያዘች።

"በደም ሥርዎ የሚገባ መድኃኒት አለ፣ ፎቶውን ያጠራዋል። ከዚያ ተመልሰው ገብተው የቀረውን እንጨርሳለን።" ፊቴን አየችው፣ የወንፊቱን ጭንብል አንስታልኝ ነበር። ድምጿን ዝቅ አደረገች። "አባባ፣ ላስገድድዎት አልችልም። ከበቃዎት ይበቃል። እስካሁን ያነሳነው ለሐኪሙ በቂ ነው ማለት ግን አልችልም። ልተወው?"

በሩ ክፍት ነበር። ከበሩ ማዶ ኮሪደሩ ይታየኛል፣ በኮሪደሩ መስኮት በረዶው ሲቀልጥ ይታየኛል። እግሬን ወደ ታች ማውረድ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ጀግና ሆኜ አይደለም፣ ይህን ማንም እንዳያስብብኝ።

"ያንን ዘፈን የት ላይ አቆምሽው?" አልኳት።

"መሐሉ ላይ።"

"ከበሮው ይመለሳል?"

ፈገግ አለች። "ይመለሳል።"

"እንግዲያው መልሺኝ። እንዴት እንደሚመለስ ልስማው።"

መለሰችኝ። ዘፈኑ ካቆመበት ቀጠለ። ከበሮው ሲመለስ በሩን ሰብሮ አልገባም። በጣቱ አንኳኳ። ፈቃድ እንደሚጠይቅ ሰው አንኳኳ፣ ድምፁ ገፋ አደረገለት፣ ከዚያ በቀስታ ገባ። እንባዬ ወደ ጆሮዬ ሲወርድ መጥረግ አልቻልኩም፣ መንቀሳቀስ ክልክል ነው። የመጨረሻው ዘፈን እንዳለችው ከትንሽ ተነሳ። እያደገ ሄደ። ሁሉም ያለውን ሁሉ ሰጠ፣ ጊታሩ አንድ ቦታ ላይ ሳተ፣ ሳይመለሱ አለፉት። ሲያልቅ ማሽኑም ቆሞ ነበር፣ ከሁለቱ የትኛው እንደቀደመ አላወቅኩም።

ስወጣ ሰናይት ፊቴን አይታ ደነገጠች። "አባዬ፣ እንደገና አቃተህ?"

"አላቃተኝም" አልኳት። "ጨረስኩት።"

ነርቩን የተጫነው አጥንት በፎቶው ላይ ቁልጭ ብሎ ታየ። ኦፕራሲዮን ሆንኩ፣ ዳንኩ። እጄ እንደ ድሮው አይደለም፣ መዶሻ አይዝም። የሸሚዜን ቁልፍ ግን ራሴ እቆልፋለሁ፤ ሰናይት በበሩ ስታልፍ ቆም ብላ ታየኝና ትሄዳለች።

ለነፍስ አባቴ ነገርኳቸው። በሁዳዴ ዘፈን ሰማሁ፣ እግሬም ደነሰ አልኳቸው። እሳቸውም፣ "ሕመምተኛ ነበርክ። የእግርህን ነገር ለእግርህ ብቻ ተውላት" አሉኝ።

አሁን አልበሙ ስልኬ ውስጥ አለ። ከፋሲካ በኋላ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ በአውቶቡስ ስሄድ እሰማዋለሁ። የዘፋኙን ስም፣ የአልበሙንም ስም እዚህ ያልጻፍኩት አውቄ ነው። ስሙን ብነግራችሁ ከፍታችሁ ሰምታችሁ፣ "ይሄ ነው እንዴ ያስለቀሰው?" ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። ወንበር ላይ ተቀምጦ ለሚሰማው ሰው አራት ልጆች ሲጮኹ ነው። ኋላ የሠሩትንም አልበም ሰናይት አሰማችኝ። ያምራል፣ ምንም ስህተት የለበትም። ትንፋሹንም አጥፍተውታል።

ጋሽ ረዲ፣ እሱ ጋ ሥራ የለመደ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ የሠራውን ነገር አይሸጥም ነበር። የእኔ ትንሽ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ነበረች፣ አንድ ጎኗ ወልገድ ያለ። ሱቁ ፊት ለፊት ሰቅሏት ኖረ። ደንበኛ ሲጠይቅ "ይቺ አትሸጥም" ይል ነበር፤ እኔ ደግሞ ወልጋዳነቷ ሲያሳፍረኝ ኖርኩ። ለምን እንደሰቀላት ቱቦው ውስጥ ነው የገባኝ። ሰው መጀመሪያ ሲሠራ ምን እንደሚጎድለው አያውቅምና ያለውን ሁሉ ያስቀምጥበታል። ኋላ እየበሰለ ሲሄድ ይቆጥባል።

ሌላም የተለወጠ ነገር አለ፣ ትንሽ ነው። አሁን ሰው አንድ ጊዜ ሲጠይቀኝ እሺ እላለሁ። ጎረቤቴ አሜሪካዊው የደጅህን በረዶ ልጥረግልህ ሲለኝ እሺ እላለሁ። የምትጠየቁትን የምትፈልጉት ከሆነ እሺ በሉ፤ ሁለተኛ የሚጠይቃችሁ ሰው ሁልጊዜ አይገኝም። እኔ ዕድለኛ ሆኜ ተገኘልኝ።

ለምስጋና ተመልሼ ሄድኩ። ረመዳን አልፎ፣ ፋሲካም አልፎ ነበር። የዕረፍት ሰዓቷን ጠብቄ ውጭ መኪና ማቆሚያው ላይ አገኘኋት። አልበሙን ከየት እንዳገኘችው ጠየቅኳት። አሜሪካ እንደገባች ግሌንዴል የሚባል ሰፈር ውስጥ ከሌሎች ሴቶች ጋር ተጨናንቃ ትኖር ነበር፤ የቤቱ የቀድሞ ተከራይ ቁም ሳጥን ውስጥ ጥሎት የሄደ ሲዲ ነው። ለዚህ ሙያ ስትማር ሌሎቹ እንዳይረብሿት ጆሮዋ ላይ ታደርገዋለች፤ ቃሉ ስለማይገባት ከጥናቷ አይወስዳትም።

"እያደር እንግሊዝኛው ሲገባኝ ደግሞ ልተወው አልቻልኩም" አለችኝ።

"ከበሮው ዝም የሚልበትስ? ምንድነው የሚለው?"

ነገረችኝ። እሱን ለራሴ አስቀምጬዋለሁ።

ከዚያ እኔ ነጠላ ሰጠኋት፣ ሰናይት የገዛችው። "አይ አባባ፣ ለምን ተቸገሩ" አለችና እጇን ሰበሰበች። እኔም ሁለተኛ አቀረብኩላት። ሦስተኛ በሞቴ አልኳት። ያን ጊዜ ተቀበለችኝ።

በዚያ ቀን መታወቂያዋ በጀርባው ዞሮ ስለነበር፣ ክንዴን ይዛ ያስገባችኝን፣ ሁለት ጊዜም ያስገባችኝን ልጅ ስሟን እንኳ ሳልጠይቅ ነበር የሄድኩት። አሁን ጠየቅኳት። የእንግሊዞቹን ስም ባልጽፍም የሷን እጽፋለሁ። ነጃት ትባላለች።